ሲንጀራችን ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ የለም፤ ሌላ ነገር ግን አለ

“የድሮ ሲንጀር መኪና ያላችሁ በጥሩ ዋጋ እንገዛለን፣ በውስጥ መስመር አናግሩን።” እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ዞሮ ዞሮ ስልካችሁ ላይ ደርሶ ይሆናል። አንዳንዱ ከፎቶ ጋር ነው የሚመጣው፤ ጥቁር፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ወርቃማ ጌጥ ያላት የልብስ ስፌት መኪና። ከሥሩ ደግሞ መሞከሪያው ይጻፋል። ስልካችሁን ወደ መርፌዋ አስጠጉ፣ ኔትወርኩ ከጠፋ ውስጧ ቀይ ሜርኩሪ አለ፣ በቃ ሀብታም ሆናችሁ ይላል።

ኔትወርክ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ በሚሄድበት አገር ይህን ፈተና የማታልፍ መኪና የምትኖር አይመስለንም።

ቀልዱን እንተወውና፣ ወረታም ሆነ ፎገራ ሜዳ ላይ ባሉ ቀበሌዎች አባት ወይም አያት የሰፉባት መኪና ጥግ ይዛ የተቀመጠችበት ቤት ጥቂት አይደለም። ዳንቴል ለብሳ፣ ቴሌቪዥን ተሸክማ ነው ያለችው። ወሬውን ሰምቶ መኪናዋን የፈታታ፣ መርፌዋን ነቅሎ “የሚመረምርልኝ ሰው” የሚል ልጅ ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ። ውስጧ ምን እንደሌለ፣ ምን እንዳለ፣ ከዚያም ቤት ያለችውን መኪና እንዴት እንደገና ማሠራት እንደሚቻል።

ወሬው ከየት መጣ?

እኛ አገር አይደለም የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 ይኸው ወሬ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ተነሥቶ ገበያውን አናግቶት ነበር። በድሮ ሲንጀር መኪኖች ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ ተባለ፤ ሰው ከየቤቱ መኪናውን ተሸክሞ ወጣ፤ ትናንት ማንም ዞር ብሎ የማያያት አሮጌ መኪና እስከ 200,000 የሳዑዲ ሪያል ተጠራባት። ትልልቆቹ የዜና ወኪሎች ሳይቀሩ ዘግበውታል። የስልኩ መሞከሪያም ያኔ ነው አብሮ የተወራው። ሳዑዲ ስንት ወገን እንዳለን ታውቃላችሁ፤ ወሬ ደግሞ ቪዛ አያስፈልገውም።

ቀይ ሜርኩሪ የሚባለው ነገር ራሱ ከሲንጀር ወሬ በፊት የነበረ ማጭበርበሪያ ነው። ሶቪየት ኅብረት በፈረሰችበት ዘመን አካባቢ “ለኑክሌር ቦምብ የሚሆን ምሥጢራዊ ንጥረ ነገር” እየተባለ በድብቅ ገበያ ሲሸጥ ቆየ። የገዛ እንጂ ያየ የለም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በቃል አቀባዩ በኩል እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ሜርኩሪ በሙቀት መለኪያ ውስጥ እንደምናየው ብርማ ፈሳሽ ነው። ቀይ ሆኖ የሚገኘው ከድኝ ጋር የተዋሐደበት ማዕድን ነው፤ እሱም መርዝነት ካልሆነ ሌላ ተአምር የለውም። በደቡባዊ አፍሪካ ይህንኑ ቀይ ሜርኩሪ ፍለጋ የተቀበረ ፈንጂ ሲፈቱ የሞቱ ሰዎች አሉ። እዚያ ፈንጂ ውስጥ፣ እዚህ ሲንጀር ውስጥ። ወሬው አንድ፣ ዕቃው የተለያየ።

“ስልኬን ሳስጠጋ ግን ሳበው” የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ነው፣ ይስባል። ስልካችሁ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ፤ መኪናዋ ደግሞ ከሞላ ጎደል ብረት ናት። ማግኔትና ብረት ተሳሳቡ ማለት ነው። የወፍጮ ቤት በርም ላይ ብታስጠጉት ያው ነው።

ገንዘቡ የሚበላው እንዴት እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። እንዲህ ዓይነት ማጭበርበር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሰው ነው የሚሠራው። አንዱ ደውሎ “እንደዚህ ያለች መኪና ካገኘህልኝ ይህን ያህል እከፍላለሁ” ይላል፤ አፍ የሚያስከፍት ገንዘብ ይጠራል። ቀናት ሳይቆይ ሌላው ሰው መኪናዋን ይዞ ብቅ ይላል፤ ከተባለው ባነሰ፣ ከእውነተኛ ዋጋዋ ግን እጅግ በበለጠ ብር። ትገዙታላችሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ ስልኩን ያጠፋል። ሌላው ዘዴ “የምርመራ” ወይም “የኬሚካል” ክፍያ በቅድሚያ መጠየቅ ነው። መኪናዋን ሳያይ ገንዘብ ላኩ የሚል ገዢ፣ ገዢ አይደለም።

ታዲያ ምን ያህል ብርቅ ናት?

ብርቅ አይደለችም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።

ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ አይዛክ ሜሪት ሲንጀር ነው። የመኪናውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ኩባንያው መኪናዋን ቀስ በቀስ በሚከፈል ዱቤ መሸጥ ሲጀምር ዓለምን አዳረሰ። ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ በምትባል ከተማ የተከለው ፋብሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. ከ1.3 ሚሊዮን በላይ መኪና አምርቷል። ልብ በሉ፣ ይህ አንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የሠራው ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 እስኪዘጋ ድረስ ያመረተውን እናንተው አስቡት። ከዚህ ሁሉ መካከል የእናንተዋ ብቻ ሀብት ተደብቆባታል ማለት ይከብዳል።

የእናንተዋን ዕድሜ ማወቅ ግን ይቻላል፤ ደስም ይላል። መኪናዋ ከተቀመጠችበት ሰሌዳ በስተቀኝ፣ ከብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ፈልጉ። ቆሻሻና የደረቀ ዘይት ከሸፈነው በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጉት። ቁጥሩ ፊደል ከሌለው ከ1900 በፊት የተሠራች ናት። ከ1900 ወዲህ ያሉት በላቲን ፊደል ነው የሚጀምሩት። “ኤፍ” ወይም “ዋይ” የሚል አንድ ፊደል ካለ፣ ወይም በ“ኢ” የሚጀምሩ ሁለት ፊደላት ካሉ፣ የክላይድባንክ ልጅ ናት። ቁጥሩን ከሲንጀር የመለያ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ጋር ስታመሳክሩት የተመረተችበት ዘመን ይወጣል፤ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ በነፃ ነው። አያታችሁ “አባቴ ነው የገዛልኝ” የሚሉት ነገር ሲረጋገጥ ማየት በራሱ አንድ ነገር ነው።

ሲንጀር ያልሆነች “ሲንጀር”ም አለች። ስሙ እኛ ዘንድ የመኪናው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። የቢራቢሮ ሥዕል ያለባት የቻይና መኪና በዓይነቷ የሲንጀር 15 ቁጥር ሞዴል ቅጂ ናት። ጃፓኖችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይችኑ ሞዴል ነው በብዛት የገለበጡት። ይህ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው፤ የአንዷ መርፌ ለሌላዋ ይሆናል፣ መለዋወጫውም ብዙውን ጊዜ ይገጥማል።

ውስጧ ያለው ምንድን ነው?

የማዳበሪያ ወይም የዱቄት ከረጢት አፍ የተሰፋበትን ክር አስታውሱ። ትክክለኛውን ጫፍ ካገኛችሁ አንዴ ሳብ ስታደርጉት ስርርር ብሎ ሙሉው ይፈታል። ያ ስፌት የሰንሰለት ስፌት ይባላል፤ እያንዳንዱ ቀለበት የሚቀጥለውን ይዞ የሚሄድ ነው። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተለሚ ቲሞንዬ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪና እንዲህ ነበር የሚሰፋው። ፓሪስ ውስጥ 80 ያህል መኪና አሰልፎ የወታደር ልብስ ሲያሰፋ፣ እንጀራችንን ሊያሳጣን ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች ገብተው ሰባበሩበት። ሰውየው በድህነት ነው የሞተው። ስለ አዲስ ቴክኖሎጂና ሥራ ማጣት ስንጨቃጨቅ ይህችን ታሪክ ብናስታውሳት አይከፋም።

የእናንተ መኪና ስፌት ግን እንዲያ አይፈታም። ምክንያቱም ሁለት ክር አላት። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ቦቢን ላይ። መርፌዋ የላይኛውን ክር ይዛ ጨርቁን በስታ ትወርዳለች። መመለስ ስትጀምር ክሩ ትንሽ ላላ ይልና ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ከሥር የሚዞረው መንጠቆ ቀለበቱን ይይዘውና በቦቢኑ ዙሪያ ያሳልፈዋል። መርፌዋ ስትወጣ ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መሀል ላይ ተቆላልፈው ይቀራሉ። ከሥር ያሉት ጥርሶች ጨርቁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይገፉታል፤ ከዚያ እንደገና።

የዚህ ሁሉ ቁልፍ መርፌዋ ናት። የእጅ መርፌ ክር የሚገባበት ቀዳዳ ከኋላ ነው፤ ለዚህም ነው መርፌው ከነክሩ ጨርቁን አልፎ መውጣት ያለበት። የመኪና መርፌ ቀዳዳ ግን ጫፏ ላይ ነው። ስለዚህ መርፌዋ ጨርቁን አቋርጣ መሄድ አያስፈልጋትም፤ ጫፏን አስገብታ ክሩን ለመንጠቆው አስረክባ ትመለሳለች። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ያገኘው ጫፏ ላይ ቀዳዳ ያላትን መርፌና ሁለቱን ክር ባቀናጀው መኪናው ነው። በኋላ ሲንጀርን ከሶ ረትቶ ካሳ አስከፍሎታል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? በ1860ዎቹ መጀመሪያ ከሲንጀር ተፎካካሪዎች አንዱ የነበረው ዊለር ኤንድ ዊልሰን ያወጣው ንጽጽር አለ። አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ ሲሰፋ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፣ በመኪና ሲሰፋ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ። ሻጭ ያወጣው ቁጥር ነውና ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ ቀንሳችሁትም ቢሆን ልዩነቱ የቀንና የሰዓት ነው።

እኛ አገር ደግሞ መርፌ ድሮም የወንድ ሥራ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚህ የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች ሴቷ ጥጥ ስትፈትል፣ ወንዱ ሲሸምንና ልብስ ሲሰፋ አይተው ገርሟቸው ጽፈዋል። እነሱ አገር ግልባጩ ነበራ። መኪናዋ ስትመጣም እዚያው ወንዶቹ እጅ ነው የገባችው፤ “ልብስ ሰፊ” ሲባል ዛሬም ብዙዎቻችን የሚታየን በረንዳ ላይ የተቀመጠ፣ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነው። ሴቶቹ “ስፌት” የሚሉት ሌላ ነው፤ ሰፌዱ፣ መሶቡ፣ በስንደዶና በአክርማ በወስፌ የሚሠራው። አንድ ቃል፣ ሁለት ሙያ። እናቱ “ስፌት ይዣለሁ” ስትል መኪና የፈለገ ልጅ ካለ ከተማ ያደገ ነው።

ወረታ በረንዳ ላይ

ወረታ መሀል ከተማ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ዳር፣ በፔዳል የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎችን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ሥራቸው የዓመት ዑደት አለው። መስከረም ዩኒፎርም ነው። ጥር ሠርግ ነው፣ ያኔ ቀጠሮ ይዞ የማያጠፋ ልብስ ሰፊ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። በመሀሉ ያለው ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ ሰልባጅ ማጥበብ ነው። ሰልባጅ ልብስ ሰፊን ገደለ ሲባል እንሰማለን፤ በከፊል እውነት ነው፣ አዲስ ልብስ በልክ የሚያሰፋ ቀንሷል። ግን የሌላ አገር ሰው ልክ የነበረን ጃኬት ለፎገራ ልጅ ትከሻ የሚያስተካክለውም ያው ልብስ ሰፊ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልዩነቱ ይታያል። ኦቨርሎኩ ይቆማል፣ የኤሌክትሪክ ጥልፍ መኪናው ይቆማል፣ ካውያው ከሰል ካልሆነ ይቆማል። በእግር የምትሽከረከረዋ ግን ትቀጥላለች። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራች መኪና ያለ ሶኬት፣ ያለ ቻርጀር ዛሬ እንጀራ ታበላለች። አንድ ቤተሰብ “ቀይ ሜርኩሪ” ሲፈልግ የሚፈታታው ይህን ነው። የተሰበረ መንጠቆ ወይም የጠፋ የቦቢን ቤት ለማግኘት ደግሞ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ሊጠይቅ ይችላል።

ቤት ያለችውን እናንሣት

አሁን ቴሌቪዥኑን አውርዱና ዳንቴሉን ግለጡ። መጀመሪያ የእናትን ወይም የአባትን ፈቃድ ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ የተነካች ሲንጀር የቤት ጠብ ታነሣለች፣ እውነታችንን ነው።

መዘውሩ አልዞር ካለ በጉልበት አትታገሉ። ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፤ የድሮ ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ይዟት ነው። በየቀዳዳው ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርጉና እሳት በሌለበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ አሳድሯት። በማግሥቱ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት። ሲላቀቅ ጋዙን ጥረጉና የስፌት መኪና ዘይት አንዳንድ ጠብታ በየቀዳዳው ጨምሩ። የምግብ ዘይት በጭራሽ! ለጊዜው ያለሰልሳል፣ በወሩ ግን ራሱ ሙጫ ይሆናል። ጥቁሩን ቀለምና ወርቃማውን ጌጥ ደግሞ በአልኮል ወይም በቤንዚን አትጥረጉት፤ ይላጣል። ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ የመኪና ዘይት ይበቃዋል።

ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት ክረምት ውኃ የነካት ከሆነች ነገ ዛሬ አትበሉ። በዚያው ቀን ጭቃውን ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ካልሰጣችኋት ዝገቱ መንጠቆው ጋ ይደርሳል። ከሁሉም በፊት ክረምት ሲገባ የመኪናዋን ራስ ነቅሎ ቆጥ ላይ ማውጣት ነው የሚሻለው። ትከብዳለች፣ ለሁለት ያዟት።

ቀጥሎ መርፌ። የቤት መኪና መርፌ አናቷ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፤ የፋብሪካ መኪና መርፌ ግን ክብ ነው፣ አይሆናችሁም። በመርፌዋ አካል ላይ ረጅም ቦይ ታያላችሁ፤ ክሩ ቦዩ ካለበት በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣል። ይህን የገለበጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ክር ሲበጠስበት ይውላል። ለተለመደ ጥጥ ጨርቅ 14 ቁጥር፣ ለጂንስ 16 ቁጥር ያዙ። 14 የሚለው ፓኬቱ ላይ 90 ተብሎም ይጻፋል፤ 0.9 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው።

ከፔዳሉ ወደ መዘውሩ የሚወጣው የቆዳ ቺንጊያ ከላላ ፔዳሉ በባዶ ይሄዳል። ጫፉን ቆረጥ አድርጎ በሽቦው መልሶ ማያያዝ ነው፤ ልብስ ሰፊ ጎረቤት ካላችሁ በአምስት ደቂቃ ይሠራላችኋል፣ ሻይ ጋብዙት።

ክር ከማስገባታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ባዶውን ርገጡ። መዘውሩ ሁልጊዜ ወደ እናንተ ነው የሚዞረው። እግራችሁ ወደ ኋላ ካዞረው ክሩ ይተበተባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ ገፋ አድርጉት፣ ከዚያ እግር ይከተላል። ሲለመድ እንደ ብስክሌት ነው። ቀጥሎ ያለ ክር ወረቀት ላይ ስፉ፤ የደብተር መስመር ተከትላችሁ ቀጥ ብላችሁ መሄድ ከቻላችሁ ጨርቅ ላይ አትቸገሩም። መርፌውን ግን ወረቀት ያደነዝዘዋልና አሮጌውን ለዚህ አስቀሩት።

ጨርቅ ስትጀምሩ ከሥር በኩል ክሩ ተንጨባሮ ከወጣ ጥፋቱ የታችኛው ክር ይመስላችኋል። አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ከፍ አድርጋችሁ ክሩን እንደገና አስገቡት፤ እግሩ ዝቅ ብሎ ከገባ ማጥበቂያው መሀል አይቀመጥም። ይችን አንዲት ነገር ባለማወቅ ስንት ሰው “መኪናዋ ተበላሽታለች” ብሎ መልሶ ዳንቴል አልብሷታል።

ምን እንስፋ? ትራስ ልብስ ቀላል ነው፣ አራት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ። ከዚያ የራሳችሁን ሱሪ ማሳጠርና መቀምቀም። ከዚያ የቦርሳ ሥራ፤ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። ፎገራ ላይ የሩዝ ከረጢት የማይገኝበት ቤት የለም። አንዱን አጥባችሁ አድርቁት፣ አፉን ሁለቴ አጥፋችሁ ቀምቅሙት፣ ከአሮጌ ጂንስ ሁለት ማንገቻ ቆርጣችሁ ጎንና ጎኑ ላይ አራት ማዕዘን እያደረጋችሁ ስፉበት። ገበያም፣ ወንዛዬ ፍል ውኃም ይወስዳል፤ እርጥብ ልብስ ቢገባበት ግድ የለውም። ማንገቻው የሚያርፍበት ቦታ አራት ድርብ ስለሚሆን 18 ቁጥር መርፌ ግዙለት፣ ፔዳሉንም እዚያ ቦታ ላይ ተዉትና መዘውሩን በእጅ አዙሩ። በ14 ቁጥር አትሞክሩት፣ ይሰበራል።